ዕድሜ ሲገፋ ሰውነት ራሱን እንዴት ይጠግናል?

አያትና የልጅ ልጅ ለአንድ ወጥ ሽንኩርት ሲከትፉ ሁለቱንም ቢላዋ ጣታቸውን ቆረጣቸው እንበል። የ10 ዓመቷ ልጅ ጣት በሳምንቱ ይድናል፤ የት ላይ እንደነበር እንኳ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። የ75 ዓመቷ አያት ጣት ግን በሦስተኛው ሳምንትም ጠርዙ እንደቀላ ነው፤ ቅርፊቱም አልረገፈም። «እማማ፣ እስካሁን አልዳነልዎትም?» ሲባሉ መልሳቸውን በየቤታችን እናውቀዋለን፤ «ተዪኝ ልጄ፣ እርጅና ነው።»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የማይመሳሰሉ ነገሮች ተደባልቀዋል። ከመካከላቸው ማንም የማያመልጠው፣ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ እውነተኛ ለውጥ አለ። ከዕድሜ ጋር ቢመጣም በእንቅስቃሴና በምግብ ሊዘገይ የሚችልም አለ። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን እርጅና ሳይሆን በእርጅና ስም ተሸፍኖ የሚቀመጥ በሽታ ነው። መታከም የሚችል ሕመም ይዘው «ዕድሜዬ ነው» እያሉ ጥግ የያዙ አዛውንት በየሰፈሩ አሉ። ስለዚህ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ከዚያችው ከተቆረጠችው ጣት እንነሳ።

ቢላዋው ቆዳውን እንደከፈተ ቀድሞ የሚደርሰው ደሙ ራሱ ነው። የተበጠሱት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይኮማተራሉ። ፕሌትሌት የሚባሉት የደም ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍናሉ፤ ፋይብሪን የተባለ ፕሮቲን ደግሞ ክር ሠርቶ በላያቸው ይደራል። ይህ በደቂቃዎች የሚያልቅ ሥራ ስለሆነ በዚህ በኩል አያትየዋ ከልጅቷ እምብዛም አያንሱም። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ከደም ሥር ሾልከው ይወጡና በቢላዋው የገባውን ባክቴሪያ መብላት ይጀምራሉ። ጣቱ የሚቀላው፣ የሚሞቀውና የሚያብጠው ያኔ ነው፤ ብግነት የምንለው ይህን ነው። በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ማክሮፋጅ የሚባሉ ትላልቅ በላተኛ ሴሎች ይተኳቸዋል። ማክሮፋጆች የሞተውን ሥጋና ሥራቸውን የጨረሱትን ኒውትሮፊሎች ጠራርገው ካበቁ በኋላ ጠባያቸውን ይለውጣሉ፤ ብግነቱን አብርደው ጥገናውን የሚቀሰቅሱ ኬሚካሎችን ያመነጫሉ። በዚህ ጥሪ አዳዲስ የደም ሥሮች ይበቅላሉ፣ ፋይብሮብላስት የተባሉ ሴሎች ኮላጅን ያመርታሉ፣ ከቁስሉ ጠርዝ ያሉት የቆዳ ሴሎችም ከቅርፊቱ ሥር እየዳሁ ከሁለት በኩል መጥተው ይገናኛሉ። ቅርፊቱ ሲረግፍ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል፤ ከሥር ግን ኮላጅኑ እየፈረሰና እየተሠራ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ያም ሆኖ ጠባሳ ቢበዛ የመጀመሪያውን ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህሉን ነው የሚያገኘው።

አሁን የአያትየዋን እጅ ቀረብ ብለን እንየው። የእጃቸው ጀርባ ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሳ የደም ሥሮቹ ተገትረው ይታያሉ። እዚህም እዚያም ሐምራዊ ምልክት አለ፤ የበር እጀታ ወይም የወንበር ጠርዝ ነክቷቸው የቀረ ነው፣ መቼ እንደሆነ ግን አያስታውሱትም። በወጣት ቆዳ ላይ የላይኛውና የታችኛው ንብርብር የሚገናኙበት መስመር ሞገድ የበዛበት ነው፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ገብቶ ይያያዛል። ከዕድሜ ጋር ያ መስመር ጠፍጣፋ ስለሚሆን ሁለቱ ንብርብሮች በትንሽ ግፊት ይንሸራተታሉ። ለአዛውንት ፕላስተር ሲነሳ በኃይል መላጥ የሌለበት ለዚህ ነው፤ በውሃ አርሶ ቀስ ብሎ ማንሳት ይሻላል። የላይኛው ቆዳ በወጣት ሰው ላይ በ28 ቀን ገደማ ሙሉ በሙሉ ይታደሳል፤ በአዛውንት ላይ ግን ከ40 ቀን በላይ ይፈጃል።

የነጭ የደም ሴሎቹም ነገር ተለውጧል። በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም የተደረገ ምርምር እንዳሳየው የአዛውንት ኒውትሮፊል ፍጥነቱ ከወጣቱ አያንስም፤ የሚጎድለው አቅጣጫው ነው። ወደ ባክቴሪያው በቀጥታ መሄድ ሲገባው ግራና ቀኝ ይዞራል፤ በዞረበት ሁሉ ደግሞ ሥጋ የሚያሟሙ ኢንዛይሞቹን እየጣለ ጤነኛውን አካባቢ ይጎዳል። ማክሮፋጆቹም ከማጥፋት ወደ መጠገን የሚሸጋገሩበት ጊዜ ይዘገያል።

ቁስል ከዕድሜ ጋር እንደሚዘገይ በቁጥር መለካት የተጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። በፈረንሳይ ኮምፒየኝ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ፒየር ሌኮምት ዱ ኑዊ የተባለ ተመራማሪ የወታደሮችን ቁስል ስፋት በየጊዜው እየለካ በስንት ቀን እንደሚዘጋ የሚተነብይ ቀመር አወጣ። ከቁስሉ ስፋት ቀጥሎ ቀመሩ የሚጠይቀው ነገር የሰውየው ዕድሜ ነበር። ወታደሮቹ ገና ወጣትና ጎልማሳ ሲሆኑ እንኳ በ20 እና በ40 ዓመት መካከል ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታይ ነበር። መዘግየቱ ሽበት ጠብቆ የሚጀምር ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ጤነኛ አዛውንት ላይ ቁስል ይዘገያል እንጂ ይድናል። የጠባሳው ጥራትም ከወጣቱ አያንስም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ሳሳ ብሎ የማይታይ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ወር ሞልቶት ያልጠበበ ቁስል ካለ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይገባል። ከሁሉ በፊት መጠርጠር ያለበት ስኳር ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር ነጭ የደም ሴሎችን ያዳክማል፣ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ያጠባል፣ የእግር ነርቮችንም ያደነዝዛል። ጫማ የላጠው ተረከዝ ሳያም ቀርቶ ቁስሉ ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዚህ ምክንያት ነው። የደም ዝውውር መታወክ፣ ሲጋራ፣ የፕሮቲን እጥረት፣ በአልጋ ላይ በአንድ ጎን ብዙ መተኛትም አሉ። እነዚህ ሁሉ መፍትሔ አላቸው፤ «እርጅና ነው» ከተባለ ግን የሚፈልጋቸው አይኖርም።

አሁን ደግሞ ሴሎቹ ራሳቸው ለምን እንደሚዘገዩ እንይ። ዱ ኑዊ የሠራበት ሆስፒታል ኃላፊ አሌክሲስ ካሬል የተባለ ታዋቂ ሐኪም ነበር። ካሬል እ.ኤ.አ. በ1912 ከጫጩት ልብ የወሰደውን ሴል በብልቃጥ ውስጥ ማሳደግ ጀመረ፤ ሙከራው እርሱ ከሞተም በኋላ እስከ 1946 ቀጠለ። ዓለምም ሴል ከአካል ከተለየ አይሞትም፣ እስከፈለገ ድረስ ይባዛል ብሎ አመነ። ይህን እምነት ያፈረሱት እ.ኤ.አ. በ1961 በፊላደልፊያ ሊዮናርድ ሄይፍሊክና ፖል ሙርሄድ ናቸው። የሰው ፋይብሮብላስት 50 ጊዜ ያህል ከተከፋፈለ በኋላ ምንም ያህል ቢመገብ እንደሚያቆም አሳዩ። ምክንያቱ ኋላ ላይ ተገኘ፤ ክሮሞሶም ጫፉ ላይ ቴሎሜር የሚባል መከላከያ አለው፣ ሴሉ በተከፋፈለ ቁጥር ያ ጫፍ ያጥራል፣ ከመጠን በላይ ሲያጥር ሴሉ መከፋፈሉን ይተዋል። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሬደርና ጃክ ሾስታክ በዚህ ላይ በሠሩት ሥራ እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

መከፋፈል ያቆመ ሴል ሁልጊዜ አይሞትም። ቆሞ ይኖራል፤ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ችግር አልነበረውም፤ ግን ብግነት ቀስቃሽ ኬሚካሎችን በአካባቢው ላይ ያለማቋረጥ ይረጫል። የሚገርመው እነዚህ ሴሎች በወጣት ቁስል ላይም ብቅ ይላሉ፤ ለጥቂት ቀናት ቁስሉ እንዲዘጋ ያግዛሉ፣ ከዚያ በሽታ ተከላካይ ሴሎች መጥተው ያስወግዷቸዋል። በአዛውንት ላይ የሚያስወግዳቸው ስለሚሰንፍ ይጠራቀማሉ። የጥገናው ነገርና የበሽታ መከላከሉ ነገር የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ጠራጊው ሲደክም ጠጋኙም ይታወካል። ጣሊያናዊው ተመራማሪ ክላውዲዮ ፍራንቼስኪ እ.ኤ.አ. በ2000 ከእርጅና ጋር አብሮ የሚሄደውን ይህን ዝቅተኛ ግን ማብቂያ የሌለው ብግነት ራሱን የቻለ ክስተት አድርጎ ስም ሰጠው። ከልብ ድካም፣ ከስኳርና ከጡንቻ መሟሸሽ ጀርባ እጁ እንዳለበት ዛሬ በሰፊው ይታወቃል።

ሆኖም ጠጋኞቹ ሁሉ አልቀዋል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አይሪናና ማይክል ኮንቦይ ከቶማስ ራንዶ ጋር ሆነው ያረጀ አይጥና ወጣት አይጥ ጎን ለጎን ሰፍተው ደማቸው አንድ ላይ እንዲዘዋወር አደረጉ። ከዚያ ያረጀውን አይጥ ጡንቻ ጎድተው ሲጠባበቁ ጡንቻው ከተለመደው በተሻለ ሁኔታ ተጠገነ፤ የጠገኑትም የራሱ የአሮጌው አይጥ ሴሎች ነበሩ። እዚያው ነበሩ፤ የጎደላቸው የሚያነሳሳቸው ምልክት ነበር። እኔ ይህን ሙከራ ከሌሎቹ ሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ያረጀ አካል ውስጥ አቅም ተኝቶ ሊኖር እንደሚችል በዓይን ያሳየ ነውና።

ስለ በሽታ መከላከል ስናወራ ደግሞ ብዙ ሰው ስሙን ሰምቶት ወደማያውቀው ታይመስ ወደሚባል ዕጢ መሄድ አለብን። ቦታው ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ ነው። በሕፃን ላይ ትልቅ ነው፤ ከልጅነት ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ በአዛውንት ላይ አብዛኛው ስብ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ምክንያት ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ጥቅም የሌለው ዕጢ ነው ብለው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1961 ዣክ ሚለር ለንደን ውስጥ ከተወለዱ ብዙ ያልቆዩ አይጦችን ታይመስ ሲያወጣ አይጦቹ በተራ ተላላፊ በሽታ አለቁ፤ ከሌላ አይጥ የተወሰደ ቆዳ ሲለጠፍባቸውም ባዕድ መሆኑን ለይተው አልጣሉትም።

የታይመስ ሥራ ቲ ሴል የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች አብስሎ ማውጣት ነው። ጥሬው ሴል የሚመጣው ከአጥንት መቅኒ ነው። እናት ስንዴውን በሰፌድ ዘርግታ እንክርዳዱን እንደምትለቅመው ታይመስም እያንዳንዱን ሴል ይመረምራል፤ የገዛ አካሉን ምልክት ማንበብ የማይችለው ይሞታል፣ የገዛ አካሉን የሚያጠቃውም ይወገዳል። ከገቡት 100 ሴሎች በሕይወት የሚወጡት 5 እንኳ አይሞሉም። የወጡት እያንዳንዳቸው የተለየ የሚይዙት ነገር አላቸው፤ አንዱ እስካሁን ያልተፈጠረ ቫይረስ ቁራጭን ለመለየት ብቻ ተዘጋጅቶ ዕድሜውን ሙሉ ደም ውስጥ ሊዞር ይችላል። ወጣት ሰው እንዲህ ያሉ አዳዲስ ሴሎችን ያለማቋረጥ ይቀበላል። ታይመስ ሲሟሽሽ የአዲሶቹ ምንጭ ይነጥፋል፤ የቀሩት ራሳቸውን እየከፈሉ ቁጥራቸውን ቢጠብቁም ዓይነታቸው እየጠበበ ይሄዳል። የአጥንት መቅኒውም በበኩሉ ስብ ይበዛበታል፤ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ቢ ሴሎች ቀድሞ እንደሚያደርገው በብዛት አያወጣም።

ታይመስ በጎልማሳ ላይ ፋይዳ የለውም የሚለው አስተሳሰብ እስከ ቅርብ ጊዜ አልጠፋም ነበር፤ በልብ ቀዶ ጥገና ጊዜ መንገድ ስለሚዘጋ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የቦስተን ተመራማሪዎች ታይመሳቸው የወጣላቸውን ጎልማሶች ተመሳሳይ የደረት ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ታይመሳቸው ካልተነካ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። በ5 ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 8.1 በመቶ፣ ከሁለተኛዎቹ 2.8 በመቶ ሞተው ተገኙ። ያች የተሟሸሸች ዕጢ እስከ መጨረሻው ትሠራ ኖሯል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የማያረጅ ነገርም አለ፤ ትውስታው ነው። ሰውነት አንድ ጊዜ ያሸነፈውን በሽታ የሚያውቁ ሴሎችን አስቀርቶ ለዓሥርት ዓመታት ያኖራል። እ.ኤ.አ. በ1918፣ በእኛ 1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ አዲስ አበባን ያጠቃውን ኢንፍሉዌንዛ አያቶቻችን የኅዳር በሽታ ብለውታል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ጋር ተያይዞ ሲነገር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ያ ወረርሽኝ ሲመጣ ሕፃናት የነበሩ፣ ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆነ 32 ሰዎች ደማቸው ተመረመረ። 90 ዓመት አልፎ እንኳ የሁሉም ደም ያንን ቫይረስ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ነበረው፤ አንዳንዶቹ ዘንድ እርሱን የሚሠሩት ሴሎች ራሳቸው በሕይወት ተገኙ።

የአዛውንት ሰውነት እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ድሮ ያየውን በደንብ ያውቃል፣ አዲስ የሚመጣውን ለመማር ይቸገራል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ለሁላችንም አዲስ ነበር፤ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ አዳዲስ ቲ ሴል የሚያወጣ ሰውነት ያለው ወጣት በአብዛኛው ተረፈ፣ አዛውንቱ ግን በብዛት አለቀ። በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባል፣ አብዛኞቻችን ሳናውቀው ከልጅነት ጀምሮ የምንይዘው ቫይረስ አለ። ሰውነት እሱን ሲጠብቅ ስለሚኖር፣ በእርጅና ጊዜ ከቲ ሴሎቹ ጥቂት የማይባሉት ለእሱ ብቻ የተመደቡ ሆነው ይገኛሉ።

አሁን አዛውንት ያለበት ቤት ሁሉ ሊያውቀው ወደሚገባ ጉዳይ ልምጣ። ትኩሳት በሽታው ራሱ የሚያመጣው ሙቀት ይመስለናል፤ የሚያመጣው ግን የሰውነታችን መልስ ነው። መልሱ ሲደክም ትኩሳቱም ይቀራል። ከባድ ኢንፌክሽን ካለባቸው አዛውንት ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ትኩሳት አይታይባቸውም ወይም በጣም ትንሽ ነው። የሳንባ ምች የያዛቸው አባት ላያስሉም፣ ላይተኩሱም ይችላሉ። ይልቁንም ትናንት ደህና ሲያወሩ የነበሩት ዛሬ ቀኑን ይስታሉ፣ የልጃቸውን ስም ያምታታሉ፣ ቁርስ አልቀምስ ይላሉ፣ ወደ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቃሉ፣ ወይም ትንፋሻቸው ፈጠን ፈጠን ይላል። ቤተሰቡ ግንባራቸውን ዳብሶ «ትኩሳት የላቸውም፣ ዕድሜ ነው እንጂ» ብሎ ያሳድራቸዋል። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ድንገት የመጣ መዘባረቅ እርጅና አይደለም፤ እርጅና በአንድ ሌሊት አይመጣም። በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መወሰድ አለባቸው።

ሳልም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ተሸክሟል። አብዛኛው ሰው አይታመምም፤ ማክሮፋጆችና ቲ ሴሎች ባክቴሪያውን ከበው ይይዙታል። ያ ከበባ ዕድሜ ልክ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ሲሳሳ በወጣትነት የገባ ባክቴሪያ በ70 ዓመት ሊነሳ ይችላል። 2 ሳምንት ያለፈው ሳል ካለ አክታ መመርመር አለበት፤ የሚያስለው ሰው አዛውንት ስለሆነ ምርመራው አይቀርለትም፣ እንዲያውም የበለጠ ያስፈልገዋል።

ሊዘገይ የሚችለውን በተመለከተ ደግሞ አንድ የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲና ከለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ የተውጣጡ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 79 የሆነ 125 ብስክሌተኞችን መረመሩ። ወንዶቹ 100 ኪሎ ሜትር ከ6 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ፣ ሴቶቹ 60 ኪሎ ሜትር ከ5 ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ የሚነዱ ናቸው። ከታይመሳቸው የሚወጡት አዳዲስ ቲ ሴሎች ቁጥር በወጣቶች ዘንድ ከሚገኘው ጋር የተቀራረበ ነበር። ሁሉም አዛውንት ብስክሌት ይንዳ ማለቴ አይደለም። ጡንቻ ሲሠራ ለታይመስም ለብግነቱም የሚጠቅሙ ኬሚካሎችን ወደ ደም ይለቃል፤ በየቀኑ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግር ደርሶ መመለስ ከመኪና በብዙ ይሻላል። አሜሪካና አውሮፓ ወላጆቻችንን ስናስመጣ ብዙ ጊዜ የምናጠፋው ይህን ነው፤ አገር ቤት ገበያና ለቅሶ ሲሄዱ የኖሩትን ሰዎች አሳንሰርና ሶፋ መካከል እናስቀምጣቸዋለን። ፀሐዩም ይቀራል፤ ጥቁር ቆዳ ያለውና ያረጀ ሰው በክረምት በዚያ አገር ፀሐይ በቂ ቫይታሚን ዲ መሥራት ስለማይችል ማስመርመር ያስፈልጋል።

ከ30 ዓመት ዕድሜ በኋላ ጡንቻ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል። ይህ የጉልበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሲታመም ሰውነት ለነጭ የደም ሴሎቹና ለጥገናው የሚሆነውን ፕሮቲን የሚወስደው ከጡንቻው ነው። ጡንቻ የሌለው አዛውንት ሕመም ሲመጣበት የሚያወጣው የለውም። ስለዚህ ለአዛውንት በቀን በእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ይመከራል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝኑ እናት ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል አለው። «አልበላም» ብለው አንድ ጉርሻ እንጀራና አንድ ሲኒ ሻይ ቀምሰው የሚውሉ ሰዎች ከዚህ ሩቡንም አያገኙም። በጾም ወቅት ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩንና ባቄላውን ደጋገም ማድረግ፣ ሕመም ካለ ደግሞ ከንስሐ አባት ጋር መነጋገር ይቻላል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከላይ ያነሳነውን ሁሉ በአንድ ሰው ገላ ላይ የሚያሳይ በሽታ ነው፤ አልማዝ ባለጭራ። በልጅነት ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎችን በመላ ሰውነት የሚያወጣውና ሐኪሞች ቺክን ፖክስ የሚሉት በሽታ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ በአከርካሪ ግራና ቀኝ ካሉት የነርቭ ሥሮች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። የሚያስተኛው ቲ ሴል ነው። ቲ ሴሎቹ በዕድሜ፣ በካንሰር ሕክምና ወይም በኤችአይቪ ሲዳከሙ ቫይረሱ ነቅቶ በዚያችው ነርቭ መንገድ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ስለዚህ ከሽፍታው በፊት ለጥቂት ቀናት በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥል፣ ልብስ ሲነካው የሚዘገንን ሕመም ይመጣል፤ ቀጥሎ ከጀርባ ተነስቶ ወደ ደረት ወይም ወደ ሆድ የሚዞር የቀላ መስመር፣ በላዩም የተሰባሰቡ ውሃ ያዘሉ እባጮች። የሰውነቱን መሐል መስመር አያልፍም፤ ነርቩ የሚያደርሰው እዚያ ድረስ ነውና። እባጮቹ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቢድኑም ሕመሙ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሊቀር ይችላል፤ ዕድሜ በጨመረ ቁጥር ይህ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል።

በሽታው ከኤችአይቪ ጋር ስሙ ስለሚነሳ አንዳንድ አዛውንት አፍረው ይደብቁታል። የ70 ዓመት ሰው ላይ ለመውጣቱ ግን ዕድሜው ብቻ በቂ ምክንያት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ3 ሰው አንዱ በሕይወቱ ይይዘዋል ተብሎ ይገመታል።

ደስ የሚለው፣ ያረጀ ሰውነት እንኳ ሊነቃ እንደሚችል በግልጽ የታየው በዚህ በሽታ ክትባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሺንግሪክስ የተባለው ክትባት ከ50 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ሲሞከር 97 በመቶ፣ ከ70 በላይ በሆኑት ላይ 90 በመቶ ያህል ተከላክሏል። ቫይረሱን አልያዘም፤ የያዘው የቫይረሱን አንድ ፕሮቲንና ሴሎቹን የሚቀሰቅስ ቅመም ነው። ከቅመሙ አንዱ ክፍል ቺሌ ውስጥ ከሚበቅል የሳሙና ዛፍ ቅርፊት የሚወጣ ሳፖኒን ነው፤ የእኛን እንዶድ አረፋ የሚያስወጣውም የዚያው ወገን የሆነ ቅመም ነው። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት በአሜሪካ ከሚሰጡት የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶች አንዱም በዚሁ አስተሳሰብ ከመደበኛው 4 እጥፍ መድኃኒት የያዘ ነው፤ ደካማ ጆሮ ላለው ሴል ድምፁን ከፍ ማድረግ እንበለው። ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆቻችሁ ሲመጡ ስለ ሁለቱም ሐኪማቸውን ጠይቁ።

ክትባቱ በሌለበት ደግሞ መድኃኒቱ አለ። አሲክሎቪር የተባለው ኪኒን ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል፤ በደንብ የሚጠቅመው ግን ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። እባጮቹ ላይ ቅጠልም አመድም አይደረግ፤ ቁስሉ ያመረቅዛል። ግንባር ወይም አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይንን ሊያጠፋ ስለሚችል በዚያኑ ቀን ዓይን ሐኪም ማየት አለበት። ሌላ ቦታ ከሆነም ሐሙስ ማታ የታየ ሽፍታ እሑድ ማታ ሰዓቱ ያልፍበታል፤ ዓርብ ጠዋት ጤና ጣቢያ መገኘት ነው።